ጥላ ፍለጋ ወደ ዳይ

ለዚህ የቤተሰብ ዓምድ በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱን የጻፉልን የአንድ ባለሌላ ማዕረግ ባለቤት ናቸው። የእኅታችን ጥያቄ አጭር ነው። «ሦስቱም ልጆቼ ጫካ የሚባለውን ነገር የሚያውቁት በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ነው፤ ከጅቡቲ ከተማ ተነሥቶ ልጆችን ለሽርሽር ይዞ የሚኬድበት እውነተኛ ጫካ አለ ወይ? ቢኖርስ መሄዱ ይበጃል ወይ?» ይላሉ። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሳችን «አዎን፣ አለ» የሚል ነው። ሁለተኛውን ግን በአንድ ቃል የሚመለስ ሆኖ ስላላገኘነው የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ሰጥተነዋል።

የጅቡቲን ከተማ ሙቀት ለአንባቢዎቻችን መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ነው። በበጋው ወራት የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪን ቢያልፍ የሚደነቅ ሰው የለም፤ ሐምሲን የተባለው ትኩስ ነፋስ የተነሣ ዕለት ደግሞ በርና መስኮት ዘግቶ ከመቀመጥ በቀር ሌላ ዘዴ አይገኝም። በዓመት የሚወርደው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ እንደመሆኑ መጠን፣ በከተማው ውስጥ የሚታየው ዛፍ አብዛኛው በሰው እጅ ተተክሎ በሰው እጅ የሚጠጣ ነው። ቀድሞ የምኒልክ አደባባይ ይባል በነበረውና ዛሬ በነፃነቱ ዕለት፣ በጁን 27 ቀን 1977 ስም በሚጠራው አደባባይ ዙሪያ እንኳ ሰው የሚጠለለው ከዛፍ ይልቅ በግንቡ ቅስቶች ሥር ነው። ቀትር ላይ ከአገራችን የሚላከው ጫት ከደረሰ በኋላ መንገዱ ጭር ይላል፤ ወንዱ ከመጋረጃው በስተጀርባ ይቀመጣል፣ ሴቷ ከልጆቿ ጋር በአንዲት ክፍል ውስጥ ከሙቀቱ ጋር ትታገላለች። አቅም ያለው ቤተሰብ ወደ አርታ ኮረብታ ይወጣል፤ ወይም በባቡር ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያም ወደ ሐረርና ወደ አዲስ አበባ ይሻገራል። አቅም የሌለው እዚያው ይቆያል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ የምትኖር እናት ስለ ጫካ መጠየቋ ቅንጦት ተደርጎ እንዳይቆጠር በቅድሚያ ለማሳሰብ እንወዳለን።

ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተ ሰሜን ጎዳ የሚባል ተራራ አለ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያልፋል። በዚህ ተራራ ላይ፣ ዙሪያውን በድንጋይና በአሸዋ በረሃ የተከበበ፣ እንደ ደሴት ብቻውን የቀረ የዳይ ጫካ ይገኛል። ከጅቡቲ ከተማ ለመድረስ አንዱ መንገድ በመርከብ ወደ ታጁራ መሻገር ሲሆን፣ ሌላው ባሕረ ሰላጤውን በመኪና ዞሮ ወደ ተራራው መውጣት ነው፤ የመጨረሻው አቀበት ግን ለትንሽ መኪና የሚደፈር አይደለም። የጫካው ዋና ዛፍ ሩቅ አገር ያፈራው ባዕድ ዛፍ ሳይሆን እኛው የምናውቀው የሐበሻ ጥድ ነው። ያ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በወፍ ዋሻና በመናገሻ የምናየው ጥድ ከዓረብ ምድር እስከ ዚምባብዌ ድረስ በየተራራው ላይ ተበትኖ ይኖራል፤ ዳይ ከእነዚህ ብትን ሠፈሮቹ አንዱ ነው። አጠገቡም ወይራ ይገኛል። ዝቅ ብሎ ባንኳሌ በሚባለው ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ከጅቡቲ፣ ከሶማሊያና ከየመን በቀር በሌላ አገር የማይበቅል የዘንባባ ዓይነት ቆሞ ይታያል።

የፈረንሳይ አስተዳደር ይህን ጫካ እ.ኤ.አ. በ1939 ጥብቅ ፓርክ እንዲሆን አድርጎት ነበር። 15 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለአንድ አገር ጫካ ሲባል ይህ እጅግ ትንሽ ስፋት ነው።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? እኛ በጦር አካዳሚ ሳለን ስለ ጫካ የተማርነው ከዓይንና ከጥይት የሚሰውር ሽፋን መሆኑን፣ የደፈጣ ቦታ መሆኑን፣ አቅጣጫ የሚያስት መሆኑን ነበር። ዛፍ ሥር መቀመጥ ማለት ጠላት ከየት ይመጣል ብሎ ማሰብ ማለት ነበር። ብዙ ጓዶቻችን ይህን ልማድ ወደ ቤታቸው ይዘው እንደሚገቡ ባለቤቶቻቸው ያውቃሉ። ሰውዬው በፈቃድ ላይ ሆኖም ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቀመጣል፣ የበር ድምፅ ያስደነግጠዋል፣ ልጅ ሲጮኽ ይቆጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ምንም የማይጠበቅበት፣ ምንም የማይፈራበት የዛፍ ጥላ ሥር ከቤተሰቡ ጋር አንድ ቀን መዋል የመድኃኒት ያህል ሊሆን ይችላል። ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። በጃፓን የደን መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 ሕዝቡ በጫካ ውስጥ ቀስ ብሎ እየተራመደ በጫካው አየር «እንዲታጠብ» የሚመክር ዘመቻ ጀምሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ምርመራዎችም በጫካ ውስጥ የሚራመድ ሰው የደም ግፊቱና የልብ ትርታው በከተማ ከሚራመደው ሰው ይልቅ እንደሚረጋጋ አሳይተዋል።

ከዚህም ሌላ የሙቀቱ ነገር አለ። አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በየመቶ ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። ዳይ ከባሕሩ 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንደመገኘቱ፣ ከተማው ውስጥ 40 ዲግሪ ሲሆን እዚያ ላይ 30 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። በቀዝቃዛው ወራት ደግሞ ከባሕሩ የሚነሣው ጉም ዛፉን ያለብሰዋል። በጅቡቲ ከተማ የተወለደ ሕፃን ጉም ምን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው እዚያ ሊሆን ይችላል። ልጅ ዛፍ ላይ መውጣትን፣ ፍሬ መልቀምን፣ ወፍ በድምፅዋ መለየትን በመጽሐፍ ሊማር አይችልም። ሚስትም ብትሆን ከአንዲት ክፍል ወጥታ፣ ባሏ እንጨትና ውሃ ሲያቀርብላት እያየች አንድ ቀን ብታሳልፍ በቤት ውስጥ ያለው ጨዋታ ሁሉ ይለወጣል። (ባሎች ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ደግመው እንዲያነቡት እንጠይቃለን።)

እስከዚህ ድረስ ስናነብ ሁላችንም ሻንጣ ለማዘጋጀት እንነሣ ይሆናል። ነገር ግን ለእኅታችን እውነቱን መሸሸግ አይገባንም፤ የዳይ ጫካ በጽኑ ታሟል።

ከ1970ዎቹ መጨረሻና ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደዚያ የሚወጡ ሰዎች ጥዶቹ ከላይ ጀምሮ እየደረቁ መሆናቸውን መመልከት ጀመሩ። ዛሬ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጥድ ሞቷል። የሞተ ጥድ ደግሞ ቶሎ አይወድቅም፤ ቅርፊቱን ጥሎ፣ ነጥቶና አመድ መስሎ ለዓመታት ባለበት ይቆማል። ከሩቅ ሲታይ በጦር ሜዳ ላይ ተረስቶ የቀረ የክብር ዘብ ይመስላል። ምክንያቱ አንድ አይደለም። ዝናቡና ጉሙ እያነሰ ሄዷል። ከብት፣ ግመልና ፍየል አዲስ የበቀለውን ችግኝ ከሥሩ ይበሉታል፤ በመሆኑም አሮጌው ሲሞት የሚተካው ወጣት የለም። በየጊዜውም ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተባለ ተቆርጧል። በ1991 (እ.ኤ.አ.) የተነሣውና እስከ 1994 የዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት በእነዚሁ የሰሜን ተራሮች ሲካሄድ ጫካው ጠባቂ አልነበረውም።

በዚህ ጫካ ውስጥ አንዲት ቆቅ ትኖራለች። የጅቡቲ ቆቅ ትባላለች። ሊቃውንት መዝግበው ስም የሰጧት እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከጎዳና ከአጎራባቹ ከማብላ ተራራ በቀር ሌላ መኖሪያ የላትም። ጥዱ ባለቀ ቁጥር የእርስዋም ቁጥር አልቆ ዛሬ በምድር ላይ ፈጽሞ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አዕዋፍ መካከል ትቆጠራለች። የምትጥለውና የምትፈለፍለው በቀዝቃዛው ወራት ነው፤ ይኸውም እኛ ለሽርሽር ተራራ መውጣት በምንመኝበት በዚያው ወቅት ማለት ነው።

እንግዲህ ክርክሩ ከዚህ ይጀምራል። አንዳንዶች «ጫካው ከታመመ ይዘጋ፣ ሰው አይግባበት» ይላሉ። ይህን አስተያየት አንደግፈውም። ጥዱን የገደለው ቅዳሜ መጥቶ ቅዳሜ የሚመለሰው መንገደኛ አይደለም፤ ድርቁና ግጦሹ ነው። በዚያ ላይ ጎብኚ በመጣ ቁጥር በዲቲሉና በባንኳሌ በአፋር ቤት አሠራር በተሠሩት ማረፊያዎች የሚያድርበትን ይከፍላል፤ መንገድ መሪ ይቀጥራል፣ ወተት ይገዛል። ከቆመው ዛፍ እንጀራ የሚያገኝ ሰው ዛፉን የሚጠብቅበት ምክንያት ያገኛል። ጨርሶ የማይጎበኝ ጫካ ሲያልቅም የሚጮኽለት የለም።

ሌሎች ደግሞ «ጫካ የሕዝብ ነው፣ ማን ይከለክለናል?» የሚሉ አሉ። እነዚህንም አንደግፋቸውም። የታመመ ሰው መጠየቅ ደግ ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን ጠያቂው በርክቶ አልጋው ላይ ሲቀመጥ፣ ክፍሉን በጭስ ሲሞላና ለሕሙሙ የተሠራውን አጥሚት ሲጠጣ ጥየቃው ራሱ ሌላ ሕመም ይሆናል። የሃምሳ ሰው ጫማ ደጋግሞ የረገጠው አፈር ይጠጥራል፤ የጠጠረ አፈር ዝናብ አያስገባም፤ ውሃው በላዩ ላይ እየፈሰሰ ዘሩንም አፈሩንም ይዞ ይወርዳል። ችግኝ ለሽርሽር በመጣ ሰው ዓይን ሣር ነው፤ ምንጣፍ ይነጠፍበታል። መኪና ከጥርጊያው መንገድ ወጥቶ ጥላ ሥር ሲቆም የጎማው ዱካ ለዓመታት አይጠፋም። ፌስታሉም ወደ በረሃው በነፋስ ተነሥቶ እሾህ ላይ ሲሰቀል ፍየልና ግመል ይበሉታል፤ ሆዳቸውም ውስጥ ታጉሮ ይገድላቸዋል። የአርብቶ አደሩ ሀብት ደግሞ ሌላ ሳይሆን እርስዋው ፍየል ናት።

ከሁሉም የከፋው እሳት ነው። እዚህ ላይ ከእኅቶቻችን ጋር ትንሽ መከራከራችን የማይቀር ሆኗል፤ ነገሩ ቡናን ይመለከታልና። ያለ ቡና ሽርሽር ሽርሽር አይባልም፤ ይህን እናውቃለን። ረከቦቱ፣ ጀበናው፣ የክሰሉ ምድጃ፣ ዕጣኑ ሁሉ ተሸክሞ ይወጣል። ነገር ግን ደርቆ የቆመ ጥድ በተፈጥሮው ዘይታም ነው፤ ከምድጃ የተፈናጠረች አንዲት ፍም በደረቀው ቅጠል ላይ ከወደቀች በነፋሻ ቀን ለማጥፋት የሚሆን ውሃ በዚያ ተራራ ላይ አይገኝም። ሰዎች ምድጃውን ሲያነሡ አመዱን ዛፍ ሥር ደፍተው ይሄዳሉ፤ አመድ የመሰለው ክሰል ግን ውስጡ ለሰዓታት ፍም ሆኖ ይቆያል። ጉዳቱ ሰዎቹ ከተማ ከገቡ በኋላ ሊነሣ ይችላል።

ይህ በወሬ ብቻ የምንናገረው ፍርሃት አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው እሳት ለሳምንታት ሲነድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጭምር ቅጠል ይዘው ለማጥፋት ዘምተዋል። በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቃጠለው እሳት ደግሞ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ አስፈልጓል። እነዚያ ሰፋፊ ደኖች ናቸው፤ ከተቃጠለው የሚተርፍ ነበራቸው። ዳይ ግን ጠቅላላው ወርዱና ቁመቱ በአንድ ቀን በእግር የሚታይ ነው።

ስለዚህ ቡናው ከታች ተፈልቶ በፔርሙዝ ይውጣ። አፍልቶ ማቅረብ የግድ ከሆነ በማረፊያዎቹ ቅጥር፣ ባለቤቶቹ በሚያሳዩት ባዶ መሬት ላይ ይሁን፤ አመዱም በውሃ ርሶ፣ በእጅ ተዳስሶ መቀዝቀዙ ሲረጋገጥ ብቻ ይደፋ። ይህንን ሥራ ለባልየው እንመድባለን፤ የጥበቃ ተረኛ መሆን ያውቅበታል። ሲጋራም ከዚሁ ሕግ አይወጣም።

አሁን ደግሞ ጫካው በእኛ ላይ ሊያደርስ ወደሚችለው አደጋ እንለፍ። ደርቀው የቆሙትን ጥዶች አንሥተናል፤ እነዚህ ያለ ማስጠንቀቂያ ይወድቃሉ፣ ቅርንጫፋቸውም ነፋስ በነካው ቁጥር ይሰበራል። በሞተ ዛፍ ሥር ምንጣፍ አይነጠፍም፣ ድንኳን አይተከልም፣ ዥዋዥዌም አይታሰርበትም። ሕያው ዛፍ ከላዩ ሲታይ ለምለም ነው፤ አንገትን ቀና አድርጎ መመልከት በቂ ነው።

ከዚያ የሚከተለው ጎርፍ ነው። በረሃ ውስጥ በጎርፍ የሚሞት ሰው አለ ቢባል የማያምኑ አይጠፉም። በሸለቆው ውስጥ ያለው የደረቀ የወንዝ ወለል ለጥ ያለና አሸዋማ ስለሆነ ለመቀመጥ፣ ለልጅ ኳስና ለድንኳን እጅግ ያምራል። ነገር ግን ዝናቡ የሚጥለው እዚያ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ በተራራው አናት ጥሎ፣ ሰማዩ በጠራበት ሥፍራ ላይ ውሃው በድንገት ግድግዳ ሆኖ ይወርዳል። በጅቡቲ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2004 የአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ሞልቶ ከሃምሳ በላይ ሰው ገድሏል። በድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ያደረሰውን እልቂት አንባቢዎቻችን አልረሱትም፤ ያን ሌሊት ውሃው የመጣው ከሐረርጌ ደጋ ነበር። ልጆች በደረቅ ወንዝ ውስጥ ሊጫወቱ ይችላሉ፤ ነገር ግን በተራራው ላይ ደመና ከታየ ወዲያውኑ ወደ ዳር ይውጡ። በወንዝ ወለል ውስጥ ማደር ግን በምንም ምክንያት አይፈቀድም።

ዝንጀሮዎችንም ማንሣት ይገባል። በየመንገዱ ዳር ተሰብስበው የሚጠብቁት እነዚህ ዝንጀሮዎች ዳቦ የለመዱት ከእኛው መኪና መስኮት ነው። ዝንጀሮ አንድ ጊዜ ከሰው እጅ ከበላ በኋላ የሚለምን አይሆንም፤ የሚቀማ ይሆናል። ሲቀማ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው ትንሹን ልጅ ነው። እባብና ጊንጥን በሚመለከት ድንጋይ እጅን አስገብቶ አለመገልበጥ፣ ጠዋት ጫማን አራግፎ ማጥለቅ ይበቃል፤ ይህን ወታደር ሁሉ ስለሚያውቀው አናራዝመውም። ስለ ፈንጂ ግን አንድ ነገር እንበል። ጦርነቱ ባለፈባቸው ሥፍራዎች የተቀበረው ፈንጂ መጠረጉ የታወቀ ቢሆንም፣ ልጅ የማይታወቅ ብረት አግኝቶ ሲያመጣ አባቱ ሊያደርግ የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አለመንካትና ለአካባቢው ሰው ማሳየት።

የአካባቢውን ሰው ካነሣን ዘንድ፣ ዳይ ባዶ ምድር አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የአፋር አርብቶ አደሮች አገር ነው። «እንግዳ ለመጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ ለሁለተኛው ብር፣ ለሦስተኛው ብረት» እንደሚባለው ሁሉ የእነርሱም ደግነት ልክ አለው። ከጉድጓዳቸው ውሃ ሳይጠይቁ መቅዳት፣ ሴቶቻቸውን ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ በከብቶቻቸው መካከል መኪና መንዳት በእንግድነት ላይ ላለ ሰው የሚገባ አይደለም። የወታደር ቤተሰብ ሲሆን ደግሞ ሰው የሚያስታውሰው የአንዱን ስም አይደለም፤ «እነዚያ ወታደሮች» ብሎ ነው።

ሌላው ቀርቶ በአገራችን ያለው ተሞክሮ የሚያስተምረን ነገር አለ። የመናገሻ ሱባ ጥድ ከ15ኛው መቶ ዓመት ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ በትእዛዝ ሲጠበቅ እንደኖረ ይነገራል፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ሰው በተለየለት መንገድ ገብቶ ይጎበኘዋል። በእንጦጦም በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የተከፈተው ፓርክ ለእግረኛው፣ ለብስክሌቱና ለፈረሱ መንገድ ለይቶ፣ ለመኪና ማቆሚያ ለይቶ የተሠራ ነው። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ዝርያ በመሆኑና ቢቆረጥ ከጉቶው ስለሚያቈጠቁጥ ብዙ ሰው ይችላል። የዳይ ጥድ ግን አይችልም። ብዙ ሕዝብ አንድ ላይ ሲዘምት፣ ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ፣ የበዓል ጭፈራ ሲደረግ የሚስማማው እንጦጦን ለመሰለው ሥፍራ ነው። ለብዙ ቤተሰብ በአንድነት የሚደረግ የክበብ ሽርሽር ከታሰበም ከዳይ ይልቅ አርታ ይሻላል፤ ቅርብ ነው፣ አየሩም ቀለል ይላል። ባሕር ለሚወዱ በሙሻ ደሴት ዳርቻ በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ማንግሮቭ አለ፤ እሱም ጫካ ነው፤ ሥሩ መካከል ዓሣ ስለሚራባ በእግር እንዳይረገጥ መጠንቀቅ ብቻ ነው። ዓመት ፈቃዱ የረዘመለትም በባቡር ወርዶ በድሬዳዋ ከዚራ ጥላማ መንገዶች ላይ ልጆቹን ማንሸራሸር ይችላል፤ ይህ ደግሞ ምንም ጫካ አይጎዳም።

ለእኅታችን የምንሰጠው ምክር እንግዲህ እንዲህ ነው። ወደ ዳይ ይሂዱ። ነገር ግን በአንድ ወይም በሁለት ቤተሰብ ብቻ ይሂዱ፤ ዓርብ ከሚወጣው ሕዝብ ጋር ከመጋፋት በባልዎ የፈቃድ ቀናት መካከል አዘቦት ቀን ይምረጡ። ከመንገዱ የማይወጣ፣ ቆቅዋ የምትደበቅበትን ቁጥቋጦ የሚያውቅ የአካባቢ ሰው ይቅጠሩ። ለእያንዳንዱ ሰው ለቀኑ ቢያንስ አራት ሊትር ውሃ ከከተማው ይያዝ፤ የበላችሁበትን ቆሻሻ ሁሉ የሚመልስ አንድ ጠንካራ ማዳበሪያም ይጨመር። ልጆቹ ጎሕ ሲቀድ ዝም ብለው ከተቀመጡ የቆቅዋን ድምፅ ሊሰሙ ይችላሉ፤ እኛ የምናውቃቸው አንዳንድ ሰዎች ሦስት ጊዜ ወጥተው ሳይሰሙ ተመልሰዋል፤ ስለዚህ አስቀድመው ለልጆቹ ቃል አይግቡላቸው። ሹራብም አይርሱ፤ በጅቡቲ ከተማ የሚኖር ሰው በሻንጣው ውስጥ ያለ መሆኑን የሚረሳው ልብስ እሱ ነው፣ የዳይ ሌሊት ግን ይበርዳል።